ከርስት እስከ ደብተር፦ የደቡብ ጎንደር ደጋ ገበሬ ውርስ

አራት ጥማድ መሬት፣ አንድ ጥንድ በሬ፣ ሁለት ላም፣ የቆርቆሮ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ የባሕር ዛፍ። ልጆች አምስት፦ ሁለቱ ጎጆ ወጥተው አጠገብ የሚያርሱ፣ አንዷ ለሌላ ቀበሌ የተዳረች፣ አንዱ ባሕር ዳር ደመወዝተኛ፣ የመጨረሻው ከእናት ከአባቱ ጋር ያለ። በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። አባወራው ሲሞት ይህ ሁሉ ለማን ይደርሳል? ማን ይከፍለዋል? በየትኛው ሕግ? ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት በዚህ ደጋ የተፈራረቀ አገዛዝ ለእነዚህ ጥያቄዎች የየራሱን መልስ ሰጥቷል፤ አንዱ የሰጠውን ቀጣዩ ሽሮታል። ገበሬው ግን በእያንዳንዱ መልስ ሥር ልጅ አሳድጎ፣ መሬት አካፍሎ ማለፍ ነበረበት።

ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ስንቃኘው አንድ ለውጥ ጎልቶ ይታያል። በርስት ዘመን የመሬት ክርክር በብዛት የአንድ አቅኚ አባትን ዘር በሚቆጥሩ የሩቅ ዘመዳሞች መካከል ነበር። ዛሬ ያ ክርክር ወርዶ ወርዶ አንድ ጡት ጠብተው ባደጉ ወንድምና እኅት መካከል ገብቷል። ለምን እንደ ወረደ ማወቅ እንዴት እንደሚበርድ ለማወቅም ይረዳል።

መሬቱ ራሱ

የደቡብ ጎንደር መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከግርጌው ገብስና ድንች ይበቅላል። ደብረ ታቦርና ፋርጣ ደጋ ናቸው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንች ይዘራባቸዋል። ወደ ጣና ሲወረድ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ይህ ሜዳ ክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ለረጅም ዘመን የከብት ግጦሽ ነበር፤ ስሙም የሚነሣው በፎገራ ላም ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ካስተዋወቁ በኋላ ግን ወረታና አካባቢው የአገሪቱ ዋና የሩዝ ምድር ሆኑ። ትናንት ከብት የሚውልበት ጨፌ ዛሬ ወንድማማቾች የሚካሰሱበት ውድ ማሳ ነው።

ከጉና ግርጌ ያለ አንድ ጥማድና በፎገራ ያለ አንድ ጥማድ በስፋት እኩል ናቸው፤ በዋጋ ግን አይገናኙም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ለቤት የቀረበው ጓሮ፣ መስኖ የሚደርሰው ዳርቻ፣ ድንጋያማው ተዳፋትና ለሙ መሬት የተለያየ ዋጋ አላቸው። ስለዚህ የአገሩ ሽማግሌ ውርስ ሲያካፍል በስፋት ብቻ አይለካም። ለሙን ለብቻ፣ ጠፉን ለብቻ ከፍሎ፣ ከሁሉም ዓይነት ለእያንዳንዱ ወራሽ ያደርስና ዕጣ ያስጥላል። ዕጣው አድልዎን ያስቀራል፤ ከሽማግሌው ጋርም ቂም አያጋባም። ዋጋው ግን ሌላ ነው፦ በየትውልዱ ማሳው ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ይበታተናል።

የአቅኚው አባት ልጆች

ከ1967 ዓ.ም. በፊት፣ የዛሬው ደቡብ ጎንደር ይካተትበት በነበረው በበጌምድር፣ በጎጃምና በሰሜኑ ክርስቲያን ደጋ የገበሬው መሬት በአብዛኛው ርስት ነበር። በርስት ሥርዓት ልጅ ከወላጁ ከሚቀበለው ማሳ በላይ የሚወርሰው የመጠየቅ መብትን ነው። አገሩን መጀመሪያ ያቀናው አባት ስሙ ከአጥቢያው ጋር ይጠራል፤ ከእሱ የሚወለድ ሁሉ፣ በወንድ ይሁን በሴት በኩል፣ በዚያ መሬት ላይ ድርሻ አለኝ ማለት ይችላል። አንድ ሰው አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት አለው። እያንዳንዳቸው ከየራሳቸው አቅኚ ስለሚወለዱ አንድ ገበሬ በብዙ አጥቢያ የሚጠይቀው ርስት አለው። በሚስቱ በኩል ያለው ሲጨመር ደግሞ ለልጆቹ የሚያወርሰው የይገባኛል መብት ከሚያርሰው መሬት እጅግ ይበልጣል።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በጎረቤት ጎጃም፣ በዳሞት፣ ይህን ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ አማራ የመሬት ይዞታ መጽሐፍ አሳትሟል። ያሳየው ዋና ነገር በሕግ ደረጃ ጠያቂው ከመሬቱ እጅግ የበዛ መሆኑን ነው። ሁሉም ጠይቆ ቢያገኝ መሬቱ ለማንም አይበቃም። ስለዚህ ማን አገኘ የሚለውን የሚወስነው የዘር ሐረጉ ብቻ አልነበረም። ሐረጉን በቃሉ መዘርዘር የሚችል ሽማግሌ ያለው፣ ዳኛ ፊት መሟገት የሚችል፣ ወገን ያለው፣ ሹመት የቀረበው ሰው ድርሻውን ያሰፋ ነበር። ደካማው ደግሞ መብቱን ይዞ መሬቱን ያጣል። መብቱ ግን አይሞትም፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ሲጠነክር ተነሥቶ ይጠይቃል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ሥርዓት ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል ማንም የአገሬው ተወላጅ ፈጽሞ መሬት አልባ ሆኖ እንዳይቀር ተስፋ ይሰጣል፤ ከአባት ወገን ያጣ ወደ እናቱ ወገን ይሄዳል። የወንድማማች ጠብም በመጠኑ ይረግባል፤ የአባት መሬት ያነሰው ልጅ ከወንድሙ ጋር ከመናነቅ ወደ ሌላ አጥቢያ ሄዶ የአያቱን ድርሻ ይጠይቃል። በሌላ በኩል ክርክሩ አያልቅም። ትውልድ እየቆጠሩ ሙግት ያረጁ፣ ለዳኛና ለጠበቃ ከመሬቱ ዋጋ በላይ የከሰሩ ቤቶች ብዙ ነበሩ።

ሥርዓቱ የሚያገላቸውም ነበሩ። ዘራቸው ከአቅኚው የማይቆጠር መጻተኞች፣ ሙስሊሞች፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ የእጅ ባለሙያዎች በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ለልጃቸው የሚያወርሱት ሙያቸውንና ዕቃቸውን ነው፤ መሬት ከፈለጉ ከባለርስት ተከራይተው ወይም ተጋዝተው ያርሳሉ።

በብራና ላይ የተጻፈ ውርስ

ርስት ሁሉ በቃል ብቻ አልኖረም። በጎንደር ዘመን፣ በተለይ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ አድባራት በወንጌላቸውና በሌሎች ብራናዎቻቸው ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭን፣ ኑዛዜንና ክርክርን ይጽፉ ነበር። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ጽሑፎች ለዓመታት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ክርስቲያናዊው መንግሥት መሬትና ኅብረተሰብ ሰፊ መጽሐፍ አሳትሟል። ሰነዶቹ ሁለት ነገር ይመሰክራሉ። አንደኛ፣ መሬት አይሸጥም በሚባልበት አገር የመሬት ሽያጭ በምስክር ፊት ይጻፍ ነበር። ሁለተኛ፣ ሴቶች በስማቸው መሬት ይይዙ፣ ይገዙ፣ ያወርሱ፣ ይሟገቱ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሰጡት መሬት የዘመኑ ታላቅ ምሳሌ ነው፤ ከእሳቸው በታች ያሉ ወይዛዝርትም በሰነዶቹ ውስጥ ይገኛሉ።

የቤተ ክርስቲያን መሬት ውርስ የራሱ ጠባይ ነበረው። መሬቱ ከአገልግሎት ጋር የታሰረ ስለሆነ ወራሹ ወይ ራሱ ይቀድሳል፣ ወይ በምትኩ የሚያገለግል ቄስ ወይም ዲያቆን ያቆማል። ስለዚህ አንድ ቤት ከወንዶች ልጆቹ አንዱን ለትምህርት መላኩ ለመሬቱም ዋስትና ነበር። በማኅደረ ማርያም፣ በቆማ ፋሲለደስና በጋይንት ቤተ ልሔም ዙሪያ የትምህርትና የመሬት ታሪክ አብሮ የተገመደው በዚህ ምክንያት ነው።

ደብረ ታቦር ራሷ የተመሠረተችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በራስ ጉግሣ መርሶ ነው። የየጁ መሳፍንት ከዚህች ከተማ ሆነው ነገሥታቱን በስማቸው አስቀምጠው አገር ገዙ። የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ ተሸነፉ፤ ካሣም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ደብረ ታቦርን ዋና ማዕከላቸው አደረጉ። ቴዎድሮስ የውርስን ሥርዓት በቀጥታ ባይነኩም የመሬትን ጥያቄ ከሥሩ አንቀጥቅጠዋል። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ ከዚያ የተረፈው መሬት ለሚገብር ገበሬ ይሰጥ ብለው ከካህናቱ ጋር ተጋጩ። ሐሳቡ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ፤ ከተማዪቱንም በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲሄዱ ራሳቸው አቃጠሏት። «መሬት ለሚያርሰው» የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሶ መጣ።

ሁለት መጻሕፍት፣ አንድ ልማድ

የውርስ ሕግ በመጽሐፍ መልክ የቆየው በፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ሲሆን ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚናገሩ አንቀጾች አሉት። በገበሬው ቤት ግን ይበልጥ የሚሠራው ልማድ ነበር። ሟች ሊያርፍ ሲል የነፍስ አባቱን ያስጠራል፤ ዕዳውን፣ አበዳሪውን፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን፣ ለልጆቹ የሚተወውን ይናዘዛል። ከብቱ፣ እህሉና ዕቃው ለተዝካር የሚሆነው ከተነሣለት በኋላ በሽማግሌ ይከፈላል። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ፤ ሚስት ግማሿን ከያዘች በኋላ የሟች ግማሽ ለልጆች ይሆናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሁሉ በዘመናዊ ቋንቋ ሊያሰፍረው ሞከረ። በአንቀጽ 842 የሟች ልጆች ቀዳሚ ወራሾች ሆኑ፤ ሁሉም እኩል ድርሻ አላቸው፤ በኩርና ታናሽ፣ ወንድና ሴት አይለይም። ሕጉ ኑዛዜን ሦስት ዓይነት አድርጎ ለየ፦ በግልጽ የሚደረግ፣ ሟች በእጁ ጽፎ የሚተወው፣ በቃል የሚነገር። በግልጽ የሚደረገው በአንቀጽ 881 መሠረት በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ሊነበብና ሊፈረም ይገባል። የቃል ኑዛዜ ወሰን ግን ጠባብ ነው፤ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአነስተኛ ስጦታና አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አደራ ያገለግላል እንጂ የቤቱን ዋና ሀብት አያሻግርም። የነፍስ አባት ብቻቸውን የሰሙት የመጨረሻ ቃል በመንደር የከበረ ሆኖ ሳለ በፍርድ ቤት የሚወድቀው ለዚህ ነው።

የርስት መሬት ግን በሕጉም ዘመን በልማዱ ቀጠለ። መንግሥት መሬቱን ለክቶ ለመገበር ሲነሣ የሰሜኑ ገበሬ ልኬቱ ርስቱን የሚያፈርስ መስሎ ታየው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር በጎጃም ያስነሣው ዐመፅ ከዚህ ፍርሃት የተወለደ ነበር። «በሚስቱና በርስቱ ቀልድ የለም» የተባለለት ገበሬ ግብሩን ከመጥላቱ በላይ የልጆቹን መብት በወረቀት ማጣትን ፈራ።

የካቲት 25

አዋጅ ቁጥር 31/1967 የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የገጠር መሬት ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ንብረት ሆነ። መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ ማከራየት፣ ማውረስም ተከለከለ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ አይችልም ተባለ። በአገሪቱ ደቡብ ይህ አዋጅ ጭሰኛውን ከባላባት ነፃ አወጣ፤ በደስታም ተቀበሉት። በጌምድርን በመሰሉ የርስት አካባቢዎች ግን ትልቁ ለውጥ ሌላ ነበር፦ ገበሬው በእጁ ያለውን እያረሰ እንዲቀጥል ተፈቀደለት፤ በሌላ አጥቢያ የነበረው የአያት የቅድመ አያት ጥያቄ ግን በአንድ ቀን ተዘጋ።

በአዋጁ መሠረት ባለይዞታው ሲሞት መሬቱን የመጠቀም መብት ለባል ወይም ለሚስትና አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ያልፋል፤ እነሱ ከሌሉ ለአዋቂ ልጅ። ከዚያ ውጭ ያለው በገበሬ ማኅበሩ እጅ ነው። ማኅበሩ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን አካባቢ የተደራጀ፣ መሬት የሚሰጥና የሚነሣ አዲስ ባለሥልጣን ሆነ። ርስት ያልነበራቸው ሙስሊሞች፣ የእጅ ባለሙያዎችና መጻተኞችም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት የማግኘት መብት አገኙ። ይህ ፍትሕ በታሪካችን ሊረሳ አይገባውም።

በሌላ በኩል የድሮው ሥርዓት የነበረው መተንፈሻ ተዘጋ። የአባቱ መሬት ያነሰው ልጅ የእናቱን ወገን መጠየቅ አይችልም። ተስፋው ሁለት ብቻ ሆነ፦ ማኅበሩ የሚያደርገው ድልድል ወይም የራሱ የአባትና የእናት ማሳ።

ድልድል ሲያበቃ

የመጀመሪያው ተስፋም ቀስ በቀስ ተሟጠጠ። ኢሕአዴግ ቀድሞ በገባባቸው የሰሜን አካባቢዎች በ1983 ዓ.ም. ዙሪያ መሬት እንደገና ተከፋፈለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሌላ ድልድል መጣ፤ ክብደቱ በተለይ በጎጃምና በሰሜን ሸዋ ላይ አረፈ። «ቢሮክራት» ተብለው የተፈረጁ የቀድሞ ማኅበር መሪዎች አራት ጥማድ ብቻ ተትቶላቸው ሌላው ተነሣባቸው። ያ ድልድል ከባድ ቁጣ አስነሣ፤ ከዚያ ወዲህ በክልሉ ያን የመሰለ አጠቃላይ ድልድል አልተደረገም።

የዛሬው የውርስ ጠብ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ድልድሉ ሲያልፍ ሕፃን የነበሩ፣ ከዚያም በኋላ የተወለዱ ልጆች ከመንግሥት መሬት ሳይደርሳቸው አደጉ። ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ልጆችም አላቸው። መሬት የሚያገኙት በስጦታ፣ በውርስ፣ በኪራይ ወይም በእኩል አራሽነት ብቻ ነው። የአንድ አባት አራት ጥማድ ለአምስት ልጆች ብቸኛ ምንጭ ሲሆን ወንድም ለወንድሙ ባላንጣ ይሆናል። የክፋት ጉዳይ አይደለም፤ ሌላ በር ስለሌለ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸና፤ ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ያለመነቀል መብት እንዳለውም ደነገገ። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች መሬትን ጨምሮ ንብረት በመውረስ እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ አሰፈረ። የአማራ ክልል በ1992 በአዋጅ ቁጥር 46፣ በ1998 በአዋጅ ቁጥር 133፣ በ2009 በአዋጅ ቁጥር 252 የገጠር መሬት ሕጉን እያሻሻለ ሄደ። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተካ።

በተግባር ትልቁ እርምጃ ምዝገባው ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የይዞታ ምዝገባ ለገበሬው የማረጋገጫ ደብተር አስያዘው። በአማራ ክልል ደብተር የባልና የሚስት ስምም ፎቶግራፍም ጎን ለጎን ይገኛል። በኋላ በመጣው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ተለይቶ ቁጥር ተሰጠው። በቃል ይቆጠር የነበረው ሐረግ በወረቀት ተተካ። ሙግቱም መልኩን ቀየረ፤ ዳኛው ከቅድመ አያት ስም ይልቅ በመዝገቡ ማን እንደሰፈረ ይጠይቃል።

አንድ ቤት፣ ሁለት ሕግ

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው የሟችን ሀብት እንደ አንድ ክምር በማየቱ ነው። በሕግ ዓይን ግን ክምሩ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የግል ንብረት ነው፦ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ጎተራው፣ የንብ ቀፎው፣ ባሕር ዛፉ፣ ገንዘቡ፣ ዕዳውም ጭምር። ሕገ መንግሥቱ በመሬት ላይ በጉልበትና በገንዘብ የተሠራውን የማውረስ መብት ስለሚሰጥ ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይከፈላል። ከተማ የገባው ልጅ፣ የተዳረችው ልጅ፣ ሁሉም እኩል ናቸው። ከዚያ በፊት ግን የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ይለያል፤ በሕይወት ያለችው ሚስት ግማሿን የምትወስደው የራሷ ስለሆነ ነው፤ ለልጆች የሚደርሰው የሟች ግማሽ ነው። ዕዳም ከክፍፍሉ በፊት ይነሣል።

ሁለተኛው የመሬት ይዞታው ነው። ይህ የሚተላለፈው በክልሉ የመሬት ሕግ ነው። የ1998ቱ አዋጅ ይዞታን በኑዛዜ መተው የፈቀደው በግብርና ለሚተዳደር ወይም ሊተዳደር ለሚፈልግ ሰው ነበር፤ ያለ ኑዛዜ ሲሆንም በግብርና ላይ ያለውን ልጅ አስቀደመ። በዚያ ሥርዓት የባሕር ዳሩ ደመወዝተኛ ከላሙና ከቤቱ ድርሻ ሲኖረው ከማሳው ላይኖረው ይችል ነበር። «የአንድ አባት ልጅ ሆኜ ለምን?» ብሎ የሚነሣው ጠብ ሁለቱን ክምር ባለመለየት የሚመጣ ነው።

ባሕር ዛፍ ይህን ግራ መጋባት አባብሶታል። በደቡብ ጎንደር ደጋ ብዙ ማሳ ወደ ባሕር ዛፍ ተቀይሯል፤ ለቤት ሥራም ለገበያም ፈጥኖ ይደርሳል። ዛፉ የሁሉም ወራሾች ሲሆን የቆመበት መሬት የአንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። አባት በሕይወት እያለ ዛፉ ተቆርጦ ገንዘቡ እንዲካፈል ካልወሰነ፣ ወይም መሬቱን የሚወስደው ልጅ ለእኅት ወንድሞቹ የዛፉን ዋጋ እንዲከፍል ካላዘዘ፣ ግንዱ ላይ ክስ ይንጠለጠላል።

በሬም እንዲሁ ነው። ጥንድ በሬ ለሁለት ልጆች ሲከፈል ሁለቱም ባለ አንድ በሬ ይሆናሉ፤ ለማረስ መቀናጆ ይፈልጋሉ። ብልህ ሽማግሌ ጥንዱን ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው ላምና ወይፈን በዋጋ ያካክሳል።

ሴት ልጅና ጧሪው ልጅ

የርስት ሥርዓት ሴት ልጅን ከዘር ሐረግ አላወጣትም፤ በእሷም በኩል ይቆጠራል። ግን ስትዳር ወደ ባሏ አገር ስለምትሄድ ማሳዋን ወንድሞቿ ያርሱት ነበር፤ ዝምታዋም በጊዜ ብዛት እንደ መተው ይቆጠራል። ዛሬም ብዙ እኅት ወንድሟን ላለማስቀየም ድርሻዋን ትተዋለች። ትዳሯ ሲፈርስ ወይም ባሏ ሲሞት ግን የምትመለሰው ወደ አባቷ ቤት ነው፤ ያኔ የተወችው ማሳ አይገኝም። ሕገ መንግሥቱም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉም፣ የመሬት ሕጉም ሴትን ከወንድ አይለዩም። ወንድም የእኅቱን ድርሻ በይሉኝታዋ መውሰዱ በሕግም በኅሊናም ስሕተት ነው።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ጧሪው ነው። በደጋው ልማድ የመጨረሻው ልጅ ከወላጆቹ ጋር ይቀራል፤ ያርስላቸዋል፣ ያስታምማቸዋል፣ ይቀብራቸዋል። ሽማግሌውም ለጧሪ ቀባሪ ከሌላው ከፍ ያለ ድርሻ መስጠትን ይደግፋል። ይህ ፍትሓዊ ልማድ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ወላጅ በጽሑፍ ካልተናገረ ሁሉንም ልጅ እኩል ያያል። ጧሪው አሥር ዓመት ደክሞ ቀብር ላይ ከደረሰው ጋር እኩል ሲደረግ ይቃጠላል፤ ከእሱ ጋር ያለው ቂም ደግሞ ቶሎ አይበርድም።

ለልጅ በሠርጉ የተሰጠውም ሊቆጠር ይገባል። ጎጆ ሲወጣ ጥጃና አንድ ጥማድ የወሰደ ልጅ ምንም ካልወሰደው ጋር እኩል ዕጣ ከገባ ሌላው ተበድሏል። የድሮ ሽማግሌ «አስቀድሞ የወሰደው ስንት ነው?» ብሎ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

የማይከፈለውን ማካፈል

ልጆችን እኩል የማውረስ ጥያቄ የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው መሬት ለበኩር ወንድ ልጅ እንዲሆን የሚያዘውን ልማዳቸውን እስከ 1925 እ.ኤ.አ. አልተዉትም፤ መሬቱ ሳይበጣጠስ ቆየ፣ ታናናሾቹ ግን ባዶ እጃቸውን ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ ሄዱ። ፈረንሳይ በ1804 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የፍትሐ ብሔር ሕግ እኩልነትን መረጠች፤ መሬቷ ተቆራረጠ። የደቡብ ጎንደር ገበሬ ከጥንት ጀምሮ እኩልነትን የመረጠ ነው፤ በዚህ ሊኮራ ይገባዋል። አሁን የሚያስፈልገው እኩልነቱን ሳይለቅ መሬቱን ከመጥፋት ማዳን ነው።

የክልሉ ሕግ ከተወሰነ ልክ በታች ማሳ እንዳይከፋፈል ይከለክላል፤ ወራሾቹ በጋራ እንዲይዙት ይፈቅዳል። በጋራ ደብተር ይዞ ምርቱን መካፈል፣ በዓመት ተራ ማረስ፣ ለአንዱ በኪራይ ሰጥቶ ገንዘቡን መከፋፈል፣ አንዱ መሬቱን ወስዶ ለሌሎቹ በከብትና በገንዘብ ማካካስ፣ እነዚህ ሁሉ መሬቱን ሳይቆርሱ የሰውን መብት ያከብራሉ። ግማሽ ጥማድ ለሦስት ተቆርሶ ከሚደርስ ፍሬ ይልቅ ሳይቆረስ ታርሶ በእህል የሚከፈል ፍሬ ይበልጣል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው የትጥቅ ግጭት የቀበሌና የወረዳ አገልግሎትን በብዙ ቦታ አስተጓጉሏል። መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ደብተር አይዞርም፣ ኑዛዜ አይመዘገብም። እንዲህ ባለ ጊዜ የወላጅ ቃልና የሽማግሌ ምስክርነት ዋጋው ይጨምራል፤ በጽሑፍ መኖሩ ደግሞ የበለጠ።

ስለዚህ ለአባወራና ለእማወራ የምንለው ይህ ነው። ድርሻውን በሕይወት ሳላችሁ ተናገሩ። ለሞት አልጋ አታቆዩት። ልጆቻችሁን ሁሉ፣ ሴቶቹንም ከተማ የገቡትንም ጠርታችሁ ለማን ምን እንደምትተዉና ለምን እንደሆነ ንገሯቸው። ለጧሪው የምትጨምሩትን በግልጽ አስታውቁ። ከዚያ አራት ምስክር አስቀምጣችሁ አስጽፉ፣ በፊታችሁ ይነበብ፣ ሁሉም በዚያው ይፈርም፤ ጽሑፉ ውስጥም መነበቡ ይጠቀስ፤ የመሬቱን ጉዳይ ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አሳውቁ። የነፍስ አባትና ሽማግሌም ከምስክሮቹ መካከል ይሁኑ፤ ሕጉ አይከለክልም፣ ልማዱም ይከበራል። ለወራሾች ደግሞ፦ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ማሳው ስንት ኩንታል እንደሚያወጣ፣ ክሱ ስንት ብር እንደሚወስድ አስሉ። የአባት መሬት አንድ ጊዜ ይወረሳል፤ ወንድምና እኅት ግን ለቀሪው ዕድሜ ናቸው።